ገብስማ የምትባለው ኮረብታ

ከቀጨሞ ውሃ በላይ፣ ከምንጩ የድንጋይ አፍ ቀና ሲሉ በምትታየው አጭር ኮረብታ አናት ላይ፣ ሰው የማይኖርባት አንዲት ጎጆ አለች። ኮረብታዋ ገብስማ ትባላለች። የአካባቢው ሰው ቤት ሲሠራ በሩን ከነፋስ ያዞራል፤ የዚች ጎጆ በር ግን ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ቁልቁል ወደ ምንጩ ያያል፣ መቀርቀሪያም ኖሮት አያውቅም። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ክዳኗ በአዲስ ሣር ይታደሳል። መንገደኛ ሲያያት የሰብል ጠባቂ ማደሪያ ትመስለዋለች፤ አንዳንዱም ባሕታዊ ያለባት መስሎት ጫማውን አውልቆ ይሳለማታል፣ የመንደሩ ልጆችም ይስቁበታል።

በቀጨሞ ሰው ሰውን ሲያጠቃ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያስመርር፣ ተጠቂው ከቦታው አይነቃነቅም። የሚነሣው አጥቂው ነው፤ ከገበያ እስከ ገበያ ገብስማ ላይ ይሰነብታል። ሲመለስም ምንጩ ዳር የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ፤ ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን። ይህ ወግ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሲገኝ ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ይጀምራሉ፤ ነገሩ ከዶሮ መነሣቱን ሲሰማም እንግዳው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ አይቀየሙትም፤ የዚያን ዘመን ሽማግሌዎችም ስቀው ነበርና።

ዘመኑ በትክክል አይታወቅም። አንዳንዶቹ ከአንበጣው በኋላ ነው ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ደብሩ ገና የሣር ክዳን ሳለ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን በቀጨሞ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች ይባላል። ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ቆጣቢ፣ በዶሮ እርባታ ግን የሚወዳደራት ያልነበረ ሴት ናት። ዶሮዎቿን በመልካቸው ትጠራቸዋለች፣ ታወራቸዋለች፣ ሲያሻትም ትሰድባቸዋለች፤ «ከሰው ጋር ከመጨቃጨቅ ከዶሮ ጋር መጨቃጨቅ ይሻላል፤ ዶሮ ቢያንስ እንቁላል ትጥላለች» ትል ነበር አሉ።

ከዶሮዎቿ ሁሉ የምትኮራባት ገብስማዋ ነበረች። ይህችን ዶሮ ከገበያ የገዛቻት፣ የሚገዛት ጠፍቶ ከጥላ ሥር ተጥላ ስትንገላታ አይታ አዝናላት ነው። አንገቷ ላይ አንድ ላባ አልነበረም፤ የቀድሞ ባልንጀሮቿ ነቅለው ጨርሰውታል። ይመኙሻል ቤት ገብታ እህል ስትጠግብ ላባዋ በቀለ፣ ደረቷ ሞላ፣ ውላ አድራም የግቢው አለቃ ሆነች። እህል ሲበተን ቀድማ የምትለቅመው እሷ፣ ከቆጡ ላይኛው እንጨት የምትሰፍረው እሷ፣ ሌላዋ አንገቷን ቀና ካደረገች የምትነቁረውም እሷ ሆነች። ይመኙሻል ይህን ታያለች፤ ነገር ግን ገብስማ እንቁላል የማታቋርጥ ዶሮ ስለ ነበረች «ለምትጥል ዶሮ ጠባይ ማን ጠይቆ» እያለች ታልፈው ነበር።

ይህችው ሴት አልጣሽ የምትባል ልጅ ነበረቻት። አልጣሽ ራቅ ካለ አገር ተድራ፣ ጥቂት ዓመት ኖራ፣ አንድ ቀን ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ከባሏ እኅቶች ጋር አልተስማማችም ተባለ፤ የዚያ አገር ሽማግሌዎችም «ለሰላሙ ሲባል ወደ እናቷ ትሂድ» ብለው እንደ ሸኟት ተሰማ። እናቷ ዝርዝሩን አልጠየቀችም። መጠየቅ ቁስል መነካካት መሰላት፤ ልጇም ከራሷ አንሥታ አልነገረቻትም።

የተመለሰችው አልጣሽ ግን የሄደችው አልጣሽ አልነበረችም። ክረምት ወንዙ ሲደፈርስ መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከቀጨሞ ውሃ ነው፤ ምንጩም ከአንዲት የድንጋይ አፍ በቀጭኑ የሚወርድ ስለሆነ ሴቶች ወረፋ ይይዛሉ። አልጣሽ ወረፋ አትይዝም። ትደርሳለች፣ የተደረደረውን እንስራ በእግሯ ገፋ ታደርጋለች፣ ቀድታ ትሄዳለች። መጀመሪያ ያጉረመረሙት ሴቶች ቀስ በቀስ ቦታ መልቀቅ ለመዱ፤ ከለመዱ በኋላም እሷ ያኮረፈቻትን ማኩረፍ፣ እሷ የሳቀችባት ላይ መሳቅ ጀመሩ። ይመኙሻል ቤት ከሁሉም ቀድሞ ንጹሕ ውሃ ይገባል። እሷም ጠጥታ «እሰይ የኔ ልጅ» ከማለት በቀር እንዴት ቀደምሽ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የይመኙሻል ወንድ ልጅ አድማሱ ከወንዙ ማዶ፣ ከቆላው አገር፣ የሻረግ የምትባል ልጅ አገባ። የሻረግ ድምፅዋ ቀስ ያለ፣ የጠየቋትን ብቻ የምትመልስ ሴት ነበረች። ከአባቷ ቤት ለአማቷ መተያያ ያመጣችው አንዲት ነጭ ቄብ ነው፤ ቄቧ ገና እንቁላል አልጀመረችም። ይመኙሻል በስጦታው ደስ ብሏት ቄቧን ከዶሮዎቿ ጋር ቀላቀለቻት፤ ምራቷንም እንስራ አሸክማ ከአልጣሽ ጋር ወደ ምንጩ ላከቻት። ሁለቱም የገቡበት ቦታ ክፉ ሆነባቸው።

ክረምት የጓሮው ዘር እንዳይጫር ዶሮ አይለቀቅም። ቀኑን ሙሉ ከቆጡ ሥር በጠበበ ቦታ ተዘግተው፣ የሚጭሩት አጥተው የሚውሉ ዶሮዎች ደግሞ ነገር ይፈልጋሉ። ገብስማ ቄቧን መንቆር ጀመረች፤ ከጅራቷ ሥር ደም ሲወጣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ዶሮ ደም ካየች አትተውምና። ይመኙሻል ቄቧን አውጥታ እንቅብ ደፋችባት፣ ለብቻዋም እህልና ውሃ ሰጠቻት፤ ቁስሏ ሲደርቅ መለሰቻት። የተመለሰችውን ቄብ ግን ከፊቱ ይብስ ነቆሯት፤ ተለይታ በመሰንበቷ እንደ እንግዳ ቆጠሯት። ደግማ አወጣቻት፣ ደግማ መለሰቻት፤ የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አልመጣም። በመጨረሻ ዓይን በልቷት ይሆናል ብላ ከአንገቷ ቀይ ክር አሰረችላት። ዶሮዎቹ ቀዩን ክር ደም ነው ብለው ተረባረቡበት፤ አንገቷንም አቆሰሉት።

ምንጩ ዳርም የተለየ ነገር አልነበረም። አልጣሽ የሻረግን ከወረፋው መጨረሻ አቆመቻት፤ ተራዋ ሲደርስ ከኋላ የመጣችውን አስቀደመችባት፤ አንዳንድ ቀንም የሞላ እንስራዋን ደፋችባት። ሌሎቹ «የቆላዋ» እያሉ፣ አረማመዷን እያስመሰሉ መሳቅ ያዙ። ከእነሱ መካከል የሻረግን ከልቧ የምትጠላ አልነበረችም ይባላል፤ በእሷ ላይ መሳቅ በአልጣሽ ዘንድ ቦታ ያስገኝ ስለ ነበር ብቻ ነው። የሻረግ ለባሏ አንድም ቀን አልተናገረችም። አማቷ ግን ባዶውን እንስራና የረጠበውን ቀሚስ አይታ ገባት።

ልጇን መቆጣት ከበዳት፤ ከሰው ቤት ተገፍታ የመጣች ናት ብላ ራራችላት። በዚህ ፈንታ ምራቴ ተከብራ ትታይ ብላ፣ ከሙሽርነቷ ጀምሮ በሣጥን ያስቀመጠችውን የብር ድሪ አውጥታ ከየሻረግ አንገት አሰረችላት። ቀይ ክር ያሰረችው እጅ ነው ድሪውንም ያሰረው፤ ያን ጊዜ ግን ይመኙሻል ሁለቱን አላገናኘቻቸውም። በማግስቱ አልጣሽ እናቷ ለእሷ ያልሰጠቻትን ጌጥ ከእንግዳይቱ አንገት ላይ አየችው። ያዘችው፣ ጎተተችው፣ ሌሎቹም እጃቸውን ጨመሩበት። የሻረግ የተበጠሰ ድሪ በእጇ ጨብጣ፣ በአንገቷ ዙሪያ የደም መስመር ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

አሁን ነገሩ የሚሸፈን አልሆነምና ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የቀጨሞ ሽማግሌዎች አለቃ ባሻ ዘገየ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ጠብ የማይወዱ፣ ከጠብ ጋር ሲያፋጥጧቸው ምሳቸው የሚናፍቃቸው ሰው ናቸው አሉ። ግራ ቀኙን ሰምተው ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተመካከሩ። አልጣሽ የመንደሩ ልጅ ናት፤ ከዚህ ወዲያ መሄጃ የላትም፣ ከምንጩ ሴቶችም የሚበዙት ከእሷ ጋር ናቸው። የሻረግ ግን ከወንዙ ማዶ አባትም እናትም አላት።

«የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ይኼ የአባቶቻችን ወግ ነው» አሉ ባሻ። «ልጅቱ መሄዷ ካልቀረ ቀደም ብላ ትሂድና እዚያው ትረፍ። ነገሩ ሲበርድ ትመጣለች። ለሰላሙ ሲባል።»

ፍርዱ ለሁሉም የተመቸ ነበር፤ ማንም አልተቀጣም፣ ማንም አልተዘለፈም። አድማሱ አንገቱን ደፋ። ይመኙሻልም ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ቤቷ ስትደርስ ግን «ለሰላሙ ሲባል» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ልጇን ከሰው አገር ጓዟን አሳዝሎ ያመጣት ይኸው ቃል ነበር፤ በዚህ ቃል የተሸኘች ሴት ስትመለስም አይታ አታውቅም። ምራቷ ወንዙን ከተሻገረች የልጇ ትዳር ይፈርሳል፤ የልጅ ልጇም እዚያ ማዶ ሌላይቱን ብቻ አያቴ እያለ ያድጋል። ይህን ስታስብ ፈራች፣ ምን እንደምታደርግ ግን አላወቀችም።

ደግነቱ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ነፍሰ ጡር በደራሽ ውሃ መካከል አትሻገርምና «ጎደል ሲል ትሄዳለች» ተባለ። ይመኙሻል ዕድሜ ልኳን ስትረግመው የኖረችውን ደራሽ ያን ሰሞን መረቀችው አሉ።

በማግስቱ፣ ቄቧ ከእንቅቡ ሥር ሳለች፣ ይመኙሻል ለሌሎቹ እህል በተነች። የምትነቆረዋ ስለሌለች ዛሬስ ሰላም ይሆናል ብላ ስትጠብቅ ገብስማ ዞር አለችና ዛጎልማዋን ነቆረቻት። ዛጎልማዋ እስከ ትናንት ድረስ ከገብስማ ጋር ሆና ቄቧን ስትነቁር የከረመች ናት። ይመኙሻል እህል የያዘ እጇን እንደ ዘረጋች ቆማ ቀረች። ደካማዋን ባወጣች ቁጥር ከቀሩት መካከል ሌላ ደካማ ትተካለች፤ ሁሉንም በየተራ እንቅብ ብትደፋባቸው መጨረሻ ላይ ግቢው ለገብስማ ብቻ ይቀራል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች ለራሷ። ክረምቱን በሙሉ የታሰረችው የተነቆረችው ናት፤ የነቆረችው ግን አንድ ቀን እንኳ ከቆጧ አልወረደችም።

ወዲያው ገብስማን ያዘቻትና በብብቷ ሸጉጣ ከግቢው ወጣች። ከምንጩ በላይ ባለችው ኮረብታ ላይ ባሏ በሕይወት ሳለ ሰብል የሚጠብቅባት ጎጆ ነበረች። ዶሮ ታቅፋ ዳገቱን ስትወጣ ያያት አንድ ጎረቤት «ይመኙሻል፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ» ብሎ ቀለደባት፤ እሷ ግን ዳገቱን ቀጠለች። ገብስማን ከጥሬና ከውሃ ጋር ጎጆዋ ውስጥ ዘግታባት ወረደች።

ቤቷ ተመልሳ ከቄቧ አንገት ቀዩን ክር በጥሳ ጣለች። ደሙ ለሌሎቹ እንዳይታይ ከድስት ሥር የፋቀችውን ጥላሸት በቅቤ ለውሳ ቁስሏን ቀባቻት፤ ከዚያው ጥላሸት ለየሻረግ አንገትም ቀባችላት። እህሉን በአንድ ቦታ ማፍሰስ ትታ እዚህም እዚያም በተነችው። ከዚያ ቄቧን ለቀቀቻት። ዛጎልማዋ እንደ ልማዷ አንገቷን ዘረጋች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ የምታስደስታት አለቃ ብታጣ ጊዜ አንገቷን መልሳ እህሏን መልቀም ቀጠለች። ቄቧም ከቆይታ በኋላ ከማዕዘኑ ወጥታ በላች።

ወንዙ እንደ ሞላ፣ ግቢው ሰላም እንደ ሆነ ከገበያ እስከ ገበያ አለፈ። ከዚያ በኋላ ይመኙሻል ገብስማን አመሻሹ ላይ፣ ዶሮ ቆጥ በሚወጣበት ሰዓት አምጥታ ከቆጡ ታችኛው እንጨት ላይ ቀስ አድርጋ አሰፈረቻት። ሲነጋ ገብስማ እንደ ጥንቱ ወደ እህሉ ተንደረደረች። ዛጎልማዋ ግን ቦታ አልለቀቀችላትም፣ ቄቧም አልሸሸቻትም። ገብስማ ቆመች፤ አንድ እግሯን አንሥታ ጥቂት ያሰበች መሰለች፤ ኋላም እንደ ማንኛዋም ዶሮ ከዳር መልቀም ጀመረች። ይመኙሻል ይህን ስታይ ደስ አላት ይባላል። ወዲያው ደግሞ ሆዷ ባባ፣ ቀጥላ ልታደርገው የሚገባትን አውቃዋለችና።

ወንዙ ጎደለ። የሻረግ ጓዟን ሸክፋ፣ ሽማግሌዎቹም ሊሸኟት ከደጅ ተሰብስበው ሳለ ይመኙሻል ወጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«ባሻ፣ ከዚህ ቤት የምትሄድ አለች፤ የሻረግ ግን አይደለችም» አለች። «የምትሄደው አልጣሽ ናት።»

ከዚያም የዶሮዎቿን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘርዝራ ነገረቻቸው። ባሻ ዘገየ ሳቁ፤ የተሰበሰበውም ሰው ሳቀ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይላል ያገራችን ሰው» አሉ ባሻ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። «አንቺ ደግሞ ብለሽ ብለሽ ፍርዱን ከዶሮ ቤት አመጣሽልን? ሰው ዶሮ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ባሻ። ዶሮ ሽማግሌ የላትም፤ ብትነቃቆር አይፈረድባትም። እኛ ግን እርስዎን የመሰለ ሽማግሌ እያለን ነው የተነቆረችውን የምናሳድደው።»

ሳቁ ቆመ። ይመኙሻል ቀጠለች።

«የሻረግን ዛሬ ቢሸኟት ነገ ምንጩ ዳር በእሷ ቦታ ሌላ ትገኛለች። የማን ልጅ እንደምትሆን አላውቅም። እኔም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ልጄ ሰው ገፍታ ያመጣችውን ውሃ ቀድሜ ስጠጣ ነው የከረምሁት። ገብስማንም ለእንቁላሏ ብዬ ነው የታገሥኋት።»

ባሻ ዘገየ በከዘራቸው መሬት እየጫሩ ብዙ ቆዩ። ታናሽ ልጃቸው ከምንጩ ወረፋ ጠባቂዎች አንዷ ነበረች፤ ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ከየሻረግ ቀጥሎ ከወረፋው ጫፍ የምትቆመው እሷ መሆኗንም ሰምተዋል። በመጨረሻ «ልጅሽ ናት፤ አንጀትሽ ከቻለ እኛ ምን እንላለን» አሉና ተነሡ።

አልጣሽ ይህን ሁሉ ከጓዳው በር ቆማ ሰምታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ በእናቷ አጠገብ ስታልፍም ዝቅ ባለ ድምፅ «ለዶሮ ብለሽ» ብላት ወደ ኮረብታው ሄደች።

ይመኙሻል በየቀኑ ምግብ እያደረሰች ከጎጆዋ ደጅ ታኖር ነበር። የመንደሩ ልጆች «እዚያ ላይ ያለችው ማን ናት?» ብለው ሲጠይቋት የልጇን ስም መጥራት አልሆነላትም፤ «ገብስማ ናት» ትላቸው ነበር። ኮረብታዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው ይባላል። ስሟ ከአፈሯ መልክ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ አፈሯ ግን ቀይ ነው።

አንድ ቀን ምግቡን አኑራ ልትመለስ ስትል ከውስጥ «እማዬ» የሚል ድምፅ ሰማች።

«እዚያም እንዲህ ነበር» አለች አልጣሽ። «የባሌ እኅቶች እንስራዬን ይሰብሩብኝ ነበር። እኔም እንደ የሻረግ ዝም እል ነበር። ኋላ ሽማግሌዎቹ ለሰላሙ ሲባል ብለው እኔን አወጡኝ። ለእኔ ዶሮ ያየልኝ አልነበረም፣ እማዬ።»

ይመኙሻል ከደጁ ቁጭ አለች። ገብስማን የገዛች ዕለት ያየችው ላባ የሌለው አንገት ትዝ አላት። ዶሮዋ አለቃ ከሆነች ወዲህ ያንን አንገት አስባው አታውቅም፤ ልጇንም ምን ሆነሽ መጣሽ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀቻትም። አለቀሰች። «ያኔ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር» አለች፤ «አሁን ንገሪኝ።» አልጣሽም ነገረቻት። እናትና ልጅ አንዷ ከውጭ አንዷ ከውስጥ ሆነው ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ሲነጋገሩ ዋሉ። ይመኙሻል ስትነሣ «ነይ እንውረድ፤ ይበቃሻል» አለቻት። አልጣሽ ግን እስከ ገበያው ቀን ልቆይ አለች።

ያቆያት ነገር ነበር። የጎጆዋ በር በዚያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ቤት ከነፋስ የዞረ ነው፤ በምንጩ በኩል ባለው ግድግዳ ግን ምርጉ ለቅቆ ቀዳዳ ነበርና አልጣሽ በየማለዳው በዚያ ቁልቁል ታይ ነበር። ወረፋው ያለ እሷ በሰላም ሲሄድ አየች። ሴቶቹ መጀመሪያ ወደ ኮረብታው ይጠቋቆሙ ነበር፣ ቀጥሎ ረሷት፤ እሷ ስትስቅ አብረዋት ይስቁ ከነበሩት አንዷም ቀና አላለችም። ይህ ከቅጣቱ ሁሉ ይበልጥ አመማት። አንዲት ሴት ብቻ በየማለዳው እንስራዋን ከማስቀመጧ በፊት ቀና ብላ ወደ ጎጆዋ ታያለች። የሻረግ ነበረች። በፍርሃት ትሁን በቂም፣ ወይስ ደኅና አድራ ይሆን ብላ፣ አልጣሽ ለማወቅ አልቻለችም። ቢሆንም ማለዳ ማለዳ ያቺን ቀና ማለት መጠበቅ ጀመረች፤ አጥርታ ለማየትም ቀዳዳውን በእጇ አሰፋችው። ምርጉን አፈረሰች፣ ጭራሮውን ነቀለች፣ በስተመጨረሻም ሰው የሚያሳልፍ ሆነ።

በገበያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዶሮ ቆጥ ሲወጣ፣ አልጣሽ በዚያው በከፈተችው በኩል ወጥታ ወረደች። በማግስቱ እንስራዋን ይዛ ወደ ምንጩ ሄደችና ከወረፋው መጨረሻ ቆመች።

ነገሩ ሊበላሽ የነበረው እዚህ ላይ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ አልጣሽን ሲያጅቡ የከረሙት ሴቶች አሁን ዞሩባት። አንዷ «ገብስማ ወረደች» አለች፤ ሌላዋ ክንዶቿን እንደ ክንፍ አራገበች፤ ሦስተኛዋ የአልጣሽን እንስራ በእግሯ ገፋ አደረገችው፣ አልጣሽ ራሷ ታደርገው እንደ ነበረው። አልጣሽ አንገቷን ደፋች። የሚደርስባትን ታውቀዋለች፤ ከዚህ በፊት በሌላ ምንጭ ዳር ቆማ አይታዋለች።

የሻረግ ከወረፋው ፊት ነበረች። ወረፋዋን ትታ ወደ ኋላ መጣች። በእጇ የያዘችው የጉሎ ቅጠል ላይ አማቷ በየማለዳው ለአንገቷ ቁስል የምትለውስላት ጥላሸት ነበረ። ጣቷን ነክራ የአልጣሽን ግንባር ቀባችው።

«የእትዬ አልጣሽ ቁስል ተቀብቷል» አለች፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ። «ከእንግዲህ የሚነካካው ካለ ኮረብታው ሩቅ አይደለም።»

የሻረግ በምንጩ ዳር ያን ያህል ስትናገር የተሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። እንስራውን የገፋችው ሴት መልሳ አቀናችው። የሻረግ ወረፋዋን ስለ ለቀቀች የሁለቱም እንስራ የተሞላው መጨረሻ ላይ ነው፤ አብረው ተሸክመው የቤታቸውን ዳገት ወጡ። ኋላ የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ የሻረግ እንደ ወጉ ወደ እናቷ ቤት ተሻገረች። ጓዟን አዝላ ያሻገረቻት አልጣሽ ናት፤ ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላም ሄዳ እሱን አዝላ የመለሰቻት እሷው ናት ይላሉ። ዶሮዋ ገብስማ ግን ምን እንደ ሆነች በትክክል አይታወቅም። በስተርጅናዋ ለፋሲካ ታርዳለች የሚሉ አሉ፤ የይመኙሻል ዘሮች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ።

ከዚያ ወዲህ በቀጨሞ ሰው ያጠቃ ገብስማ ይወጣል፤ ሲመለስም ምንጩ ዳር የተጠቃው ሰው ራሱ ጥላሸት ነክሮ የአጥቂውን ግንባር ይቀባዋል። ከተቀባ በኋላ ስለ ነገሩ ማንሣት ነውር ነው። በሌላ አገር ሰውን ጥላሸት መቀባት ስሙን ማጥፋት እንደሆነ የቀጨሞ ሰዎች ያውቃሉ፤ «እነሱ ዶሮ አላረቡም» ብለው ያልፉታል።

ጎጆዋን በየዓመቱ የሚከድኑት የአልጣሽ ዘሮች ናቸው። አልጣሽ በኋላ አግብታ ወልዳለች፤ ልጆቿም የገብስማ ዘር ይባላሉ፣ በዚህ ስም ሲጠሯቸውም አያፍሩበትም። ክዳን በሚታደስበት ቀን ከወጣቶቹ መካከል በሩን ከነፋስ እናዙረው የሚል አይጠፋም። ትልልቆቹ እሺም እምቢም ሳይሉ ሣሩን አቀብለውት ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ በሩም ባለበት ይቆያል።

ጎጆዋ ውስጥ ሰው ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ሆኗል ይባላል። ቀጨሞ ውሃ የምትወርድ ሴት ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንስራዋን ከማስቀመጧ በፊት ቀና ብላ ወደዚያ በር ታያለች። ሰው እንደሌለ እያወቀችም ታያለች።